የኖራ ፍቅፋቂ

ሰርግ አለ ተባለና መሮዬን፣ ባልዲዬን፣
አንድ ኩንታል ኖራ፣ የጭራ ብሩሼን
በአህያ አስጭኜ፣ በመኪና ግርግር፣
ስፌቱ ሲንጫጫ፣ ጨርቁ ሲገተር
አልፌ ደረስኩኝ አይ ረውዳ ደጃፍ።
አየችኝ ከራሴ እስከ ጫማዬ ጫፍ።
«ስንት ነው?» አለችኝ። (ሐረር ላይ አንቱ የለም።)
«ሁለት ሺህ አምስት መቶ።»
«የጠራሁህ ለቤት እንጂ ለጁገል አይደለም!»
በሺህ ስምንት መቶ፣ ሻይም ተጨምሮ
ተስማማን። «ፋቀው» አለች «ሁሉንም፣ በመሮ።
ኖራ በኖራ ላይ ሲደረብ፣ ሲደረብ
ግንቡ ወደ ውስጥ ገባ፤ ቤቴም ጠበብ
አለ። የሙሽራው ዘመድ የት ሊያርፍ?»

የላዩ ሰማያዊ፣ ሲነኩት የሚረግፍ።
«ይሄማ የቀበሌው ነው፤ ቀለም በኩፖን፣
ለሰፈሩ ሁሉ አንድ ዓይነት። ያን ሰሞን
መድፉ ከማዶ ሆኖ ሌት ተቀን ሲያጓራ
ይኸው ተሰነጠቀ። ጣትህን ክተት፣ አትፍራ።»
ከተትኩ። እስከ አንጓዬ። ይቀዘቅዛል ውስጡ።

ከሱ በታች ቢጫ። «ይሄ ጣሊያን ነው።
አባቴ ሰዎቹን እየረገመ ሞተ፤
ኖራቸውን ግን ‹ወንፊቱ ጥሩ ነበር› ይል ነበር።»

ቀጠልኩ። መሮው ዶለዶመ።
ወፍራም ነጭ ወጣ፣ ገለባ ያለበት።
አይ ረውዳ ዝም አለች፤ ከዚያ በአገጯ
ጠቆመችኝና፣
«ይሄ የናንተ ነው።»

ቅድመ አያቴ ባሻ ድልነሣሁ
(የስሙን ትርጉም ያን ቀን ገና አነሣሁ)
ውጅግራ አንግቶ ከደጋ የወረደ።
እኛ ቤት ታሪኩ አንድ ቃል ነው፦ «ተያዘ»።
ሐረር ተያዘ። እንደ በቅሎ፣ እንደ ሌባ።
ማን እንደያዘ እንጂ ማን እንደተያዘ
ማንም አልነገረኝ፤ እኔም አልጠየቅሁ።
ወለሉን አየሁት። ነደባው በቀይ አፈር
ተለቅልቋል። ለምን እንደቀላ
የሚባለውን ሰምቼ ነበር።
ሻዬን ጠጣሁ። ዝንጅብል ነበረበት።

«ምነው መሮህ ቆመ? ገና ነው» አለችኝ።
ከሥሩ ግራጫ። «ባለ ጣርቡሾቹ፣
በባሕር የመጡት። ‹አሰላሙ ዐለይኩም› ብለው
ነው የገቡት፣ በራሳችን ሰላምታ።
መልሰን ሳንጨርስ አሚር አልነበረንም።»

«ከዚያ በታችስ? የናንተ ብቻ ነው?» አልኩ።
ሳቀች፣ እስኪያስላት።
«የኛ! በየጥጉ አዋች ተኝተው
ከተማችን ቅድስት ብትባል፣ ከበሯ
ጦር አልወጣም ልትለኝ ነው?
የአያቴ አያት ተነድታ ነው የመጣች፣ ከደጋ፣
ከከብቱ ጋር፣ በአንድ ገመድ።
ግንባሯ ላይ የመስቀል ንቅሳት ነበራት፤
ስሟን ቀየሩላት። ንቅሳቱ ግን በምን ይፋቅ?
በሻሽ ሸፈነችው። እሷን ነው የምመስለው ይላሉ።»
አፍንጫዋን አየሁት። የአክስቴን አፍንጫ ነው፣
ወይም መሰለኝ፤ አቧራው ዓይኔ ገብቶ ነበር።

ከሁሉ በታች ድንጋይና ቀይ ጭቃ፤
ጭቃው ላይ የአራት ጣት ፈር፣ ሲለስን የተወው።
«ይሄስ የማን ነው?»
መነጽሯን ገፋ አድርጋ ቀርባ አየችው።
«የሠራተኛ ነው። ሒሳቡን ሳይቀበል
የሄደ ይመስላል።»

በሦስተኛው ቀን ቤቱ ነጣ፤ ስፌቶቹ ተሰቀሉ፤
ጥቂት ሰፍቷል፣ ግማሽ ክንድ ቢሉ፣
ሁለት ጣት ቢሉ። ሙሽሮች ይገባሉ።
ስመጣ አንድ ኩንታል፣ ስመለስ ሁለት ሆነ፤
አህያዬ ቆመች፣ ፍቅፋቂው ከብዷት።
ዘበኛው በኤረር በር፣ «ምንድን ነው?» «ኖራ ነው።»
«እዚህ አይደፋም።»
ከግንቡ ራቅ ብዬ ማዳበሪያውን ገለበጥኩ፤
ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ነጭ፣ ግራጫ፣ አንድ ላይ ቦነነ።
ነፋስ ከሸለቆው ተነሣ፤ ቅንድቤን አለበሰኝ፣
የአህያዬን ጆሮ፣ የዘበኛውን ቆብ፣
ከዚያም በበሩ በኩል፣
ማንንም ሳይጠይቅ፣
ገባ።